መርቂልኝ! (ፋን ሰርቪስ በአክሽን አኒሜ ውስጥ ምን ይሠራል?)

ደራ ገበያ ወርዶ ቲማቲም የገዛ ሰው የዛሬውን ርዕስ ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። ሴትየዋ አንድ ኪሎ መዝና ስታበቃ ገዢው ዝም ብሎ አይሄድም። «መርቂልኝ እንጂ!» ይላል። እሷም «ወይ ጣጣ!» እያለች ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግለታለች። ያቺ ሁለት ፍሬ ከሚዛኑ ውጪ ናት፣ ሒሳብ ውስጥም አትገባም። ግን በሚቀጥለው ገበያ ሰውየውን ወደዚያችው ሴትዮ የምትመልሰው እሷ ናት። (ምርቃት ስል የካፑንና የጋውኑን ማለቴ አይደለም። ለእሱማ ገና ነኝ።)

ጃፓኖችም ይሄው ነገር አላቸው። «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ከእንግሊዝኛ ወስደው በራሳቸው አፍ «ሳቢሱ» አሉት፤ ባለሱቅ ከሒሳብ ውጪ በነፃ ለሚጨምረው ነገርም ስም አደረጉት። እንግዲህ በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ወዳጆች ዘንድ «ፋን ሰርቪስ» ሲባል ይህንኑ ምርቃት ማለት ነው። ታሪኩ ባይጠይቀውም አድናቂው ደስ እንዲለው ተብሎ የሚጨመር ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው የሴት ገላ ነው። እውነት ነው፣ አብዛኛው እሱ ነው። ነገር ግን የሮቦቱ ብሎኖች አንድ በአንድ ሲገጣጠሙ ረጅም ጊዜ ማሳየት፣ ሞተ የተባለ ተወዳጅ ጀግና በመጨረሻው ጦርነት ላይ ብቅ ማለቱ፣ ሁለት የሚፎካከሩ ጀግኖች ጀርባ ለጀርባ ሆነው መዋጋታቸው፣ ይሄም ሁሉ ምርቃት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ግን ቲማቲም ሻጯ ሳትሆን እናቴ ናት።

ባለፈው ክረምት እረፍት ደራ ቤታችን ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፤ ከጓደኞቹ በፍላሽ እያስገለበጠ፣ ከቴሌግራምም እያወረደ አኒሜ ያመጣል። እኔ ደግሞ ከስር የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ (ያለ ክፍያ! ይሄም ሰርቪስ ነው)። አንድ ቀን «ካውቦይ ቢባፕ» የሚባለውን ከፍተን ሳለ እናቴ ቡና ልታፈላ ገባች። ቴሌቪዥኑ ላይ ፌይ ቫለንታይን የምትባለዋ ሴት በዚያች ቢጫ ቁምጣዋና እምብርቷን በማይሸፍነው አላባሽ ልብሷ ተንፈላሳ ተቀምጣለች። እናቴ ረከቦቱን አስቀመጠች። ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ጋዜጠኝነት ነው የምማረው ያልሽኝ ይሄንን ነው እንዴ?»

«እማዬ ታሪኩ እኮ ጥሩ ነው...»

«ጥሩ ከሆነ ለምን እንዲህ ለበሰች? ንገሪኝና እተወዋለሁ።»

መልስ አጣሁ። «ፋሽን ነው» ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ። እናቴም ፍላሿን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት። የክፍል ሥራዬም እሷው ላይ ነበር።

እንግዲህ ለእናቴ ያኔ መስጠት የነበረብኝን መልስ ነው አሁን የምጽፈው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ እናቴ የቱርክ ድራማ ወዳጅ ናት። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተመለሱትን ተከታታዮች እያየች ስንት ምሽት አሳልፋለች። ባሕር ዳር የተሠራው ቤት፣ የልጅየው ሱፍ፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሙዚቃ እየተከፈተ ለአንድ ደቂቃ የሚተያዩት ... ይሄ ሁሉ ከኪሎው ውጪ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ነገሩ ምርቃት ይኑር አይኑር አይደለም። ምርቃቱ ወጥ ውስጥ ገባ ወይስ ፌስታል ውስጥ ቀረ ነው።

መጀመሪያ ግን አኒሜ ለምን መመረቅ እንዳስፈለገው እንይ፤ ከገንዘብ ይጀምራልና። እ.ኤ.አ. በጥር 1963 የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በየሳምንቱ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ካርቱን መሣል የሚያከስር ሥራ ነበር። ስለዚህ የተሣሉ ትዕይንቶችን አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም ተለመደ፤ ይህን «ባንክ» ይሉታል። ጀግናዋ ልብሷን ቀይራ ኃይል ስታገኝ የምናየው ረጅም ትዕይንት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1992 በጀመረው «ሴይለር ሙን» ላይ ያለው፣ አንድ ጊዜ በደንብ ተሥሎ በየክፍሉ የሚደገም ነው። ተመልካቹ ይወደዋል፣ ስቱዲዮውም ወጪ ይቀንስበታል። ከዚያ ደግሞ የአሻንጉሊት ነጋዴው አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው «ጋንዳም» ስፖንሰሩ የአሻንጉሊት ኩባንያ ነበር፤ ተከታታዩ የታሰበለትን ያህል ሳይሄድ በ43 ክፍል እንዲያልቅ ተደረገ። ታዋቂ ያደረገው ከዚያ በኋላ እየተገጣጠመ የሚሠራው የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ሮቦቱ አዲስ መሣሪያ ካወጣ አዲስ አሻንጉሊት ይሸጣል፤ ስለዚህ ካሜራው መሣሪያው ላይ ይቆያል። ዘግይቶ ደግሞ ሌሊት የሚታዩ አኒሜዎች መጡ። እነዚህ ብዙ ገቢያቸውን ዲስክ ከሚገዛው አድናቂ ያገኙ ስለነበር ምርቃቱም ለእሱ ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ በእንፋሎት የተሸፈነው ገላ ዲስኩ ላይ እንፋሎቱ ይገፈፍለታል። ይሄኛው ንግድ ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ከዚህ ከንግዱ ውስጥ ነው አንዳንድ ጎበዞች ታሪክ ያወጡት። እንዴት? እዚህ ላይ የእኛን አዝማሪ አስታውሱ። አዝማሪ ቤት እንግዳው ስንኝ ይወረውራል፣ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው እምቢ ማለት አይችልም፤ ሥራው ነው፣ ሽልማቱም ከዚያ ነው። ደካማው አዝማሪ የተወረወረለትን እንዳለ ይደግማል። ጎበዙ ግን ይቀበልና ሰሙን ትቶ ወርቁን ያዞረዋል። ገንዘብ የሰጠው ሰውዬ ራሱ ላይ ቅኔ ይቀኝበታል፤ ሰውየው እየሳቀ ይሸልማል፣ ቤቱ ሁሉ ሌላ ነገር ሰምቶ ያጨበጭባል። ጥሩ ፋን ሰርቪስ በትክክል ይሄ ነው። አድናቂው የጠየቀውን ያገኛል፣ ሳያውቀው ግን ያልጠየቀውንም ይሰማል።

ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1982 «ማክሮስ» የሚባል የጠፈር ጦርነት ተከታታይ መታየት ጀመረ። የሚለዋወጡ አውሮፕላኖች አሉት (አሻንጉሊት!)፣ አንዲት ዘፋኝ ልጅም አለችው፣ ሚንሜይ። ያኔ ጃፓን ውስጥ ወጣት ዘፋኞች በጣም የሚወደዱበት ዘመን ስለነበር ዘፈኖቿ ለአድናቂው የተጨመሩ ይመስላሉ። ጠላቶቹ ዜንትራዲ የሚባሉ ግዙፍ ፍጡሮች ናቸው፤ ለጦርነት ብቻ የተፈጠሩ፣ ወንድና ሴት ተለያይተው የሚኖሩ፣ ዘፈን ምን እንደሆነ የማያውቁ። ሦስት ሰላዮቻቸው ሰዎቹ መርከብ ውስጥ ገብተው ሲመለሱ ይዘው የሄዱት የጦር ሚስጥር ብቻ አይደለም፤ የሚንሜይን አሻንጉሊትና ዘፈን ጭምር እንጂ! ወታደሩ ተደብቆ አሻንጉሊቷን ማየት ይጀምራል፤ መዋጋት ያስጠላዋል። በመጨረሻው ትልቁ ጦርነት ላይ ሰዎቹ ዘፈኗን ለጠላት መርከቦች ሁሉ ያሰራጩታል፤ ጠላት ደንግጦ ይቆማል። ልብ በሉ እንግዲህ። ለገበያ ተብሎ የገባው ዘፈን ጦርነቱን የሚያሸንፍ መሣሪያ ሆነ፤ አሻንጉሊት የሚገዛው አድናቂም ራሱን በዚያ ግዙፍ ወታደር ውስጥ አየ። ዘፈኖቹን ቁረጣቸው ብትሉኝ ማክሮስ የሚባል ታሪክ አይኖርም። ሽለላና ፉከራ ላለው አገር ሰው ደግሞ በዘፈን ጦርነት መዋጋት ምኑ ይገርመዋል?

ስለ ፉከራ ካነሳሁ፣ አክሽን አኒሜ ላይ ጀግናው ምቱን ከመሰንዘሩ በፊት ቆሞ ስሙንና የምቱን ስም የሚጮኸው ብዙ ሰው ያስቃል። «ጠላቱ ለምን ዝም ብሎ ይጠብቀዋል?» ይላሉ ጓደኞቼ። ፎካሪው «ዘራፍ!» እያለ ሲንጎራደድስ ማን ያቋርጠዋል? ፉከራው ለጠላት አይደለም፣ ለሚሰማው ሰው ነው።

የ«ድራጎን ቦል ዚ»ን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው፤ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጎኩ ፀጉሩ ወርቅ ሆኖ ሱፐር ሳይያን ሲሆን ተመልካቹ ስንት ሳምንት ሲጠብቀው የነበረውን አገኘ። የሠራው ግን የፀጉሩ ቀለም አይደለም፤ ከዚያ በፊት ፍሪዛ ጓደኛውን ክሪሊንን ዓይኑ እያየ ስለገደለበት ነው። ደስታውና ኀዘኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ሱፐር ሳይያን፣ ሦስተኛ ሱፐር ሳይያን እየተባለ ቀጠለ፤ እያንዳንዱም ከፊተኛው ያነሰ ዋጋ አለው። እንደ ብራችን በሉት።

አሁን ወደ ፌይ ልመለስ፤ የእናቴ ጥያቄ ያለው እሷ ጋ ነውና።

«ካውቦይ ቢባፕ» እ.ኤ.አ. በ1998 በሺኒቺሮ ዋታናቤ የተዘጋጀ፣ 26 ክፍል ያለው ሥራ ነው። ወንጀለኛ እያደኑ የሚኖሩ፣ ብዙ ጊዜም ጾማቸውን የሚያድሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ፌይ ስትገባ ቁማርተኛና አታላይ ሆና ነው። አለባበሷ ያለ ጥርጥር ለተመልካቹ የተሠራ ነው፤ ይህን ክጄ እናቴን ልሸውዳት አልችልም። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥም ልብሱ ሥራ አለው። ሰው ሁሉ ልብሷን ሲያይ እጇን አያይም፤ ካርታውን የምትደብቀው በእጇ ነው። ፌይ እኛንም እንዲሁ ነው የምታታልለን። እኛ ልብሷን ስናይ ማንነቷን ሳንጠይቅ ቀርተናል። ግማሹ ተከታታይ ካለፈ በኋላ ነው የሚነገረን። ከአደጋ በኋላ ሰውነቷ በቅዝቃዜ ተኝቶ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ስትነቃ የምታውቀው ሰው የለም፣ ትዝታዋም የለም። ያላት ነገር የሕክምና ዕዳ ብቻ ነው። ያነቃት ሰው ሳይቀር አታሏታል።

ከዚያ 18ኛው ክፍል ይመጣል። አንድ እሽግ ይደርሳታል፤ አበዳሪ የላከው መስሏት ትሸሻለች። ውስጡ ያለው ቤታ የሚባል የድሮ ቪዲዮ ካሴት ነው። ማጫወቻው ከጠፋ ዘመን የለውም። ስፓይክና ጄት የሚባሉት ሁለቱ ወንዶች ማጫወቻ ፍለጋ ምድር ድረስ ወርደው፣ የፈራረሰ ሙዚየም ውስጥ ገብተው፣ ላባቸው ጠብ እስኪል ተሸክመው ያመጡት ቪኤችኤስ ሆኖ ይገኛል። (ቪዲዮ ቤት ያየ ሰው ይሄን ቀልድ ከእኔ በላይ ይስቅበታል።) በመጨረሻ ትክክለኛው ይገኝና ካሴቱ ይከፈታል። የምትታየው ትንሽ ልጅ ናት። ፌይ ራሷ፣ ያኔ። እየዘለለች፣ እየሳቀች፣ ለወደፊቷ ፌይ «አይዞሽ» እያለች ታበረታታታለች። ትልቋ ፌይ በዚያችው ቢጫ ልብሷ ቆማ ታያለች። አታስታውስም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ልብሱ አልተቀየረም፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አናየውም። ፌይ ከመጀመሪያው ተሸፋፍና ብትመጣ ኖሮ ካሴቱ ሲከፈት ይህን ያህል አናፍርም ነበር። አዎ፣ ማፈር ነው ቃሉ። እስከዚያ ድረስ ያየናት እንዳልነበር ነው የተነገረን። በ24ኛው ክፍል ደግሞ ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ያገኘችው ፍርስራሽ ነው። መሬቱ ላይ በእንጨት የአልጋዋን ቅርጽ ጭራ እመሐሉ ትተኛለች። በዚያች ደቂቃ ልብሷን የሚያይ ሰው ካለ ልቡን ይመርመር።

ከዚህ አልፎ የሄደም አለ። ሉፐን የሚባለው ሌባ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሞንኪ ፓንች ብዕር የተሣለ ነው። በውስጡ ያለችው ፉጂኮ ሚኔ ለአሥርት ዓመታት ተመልካችን ለማስደሰት ስትቀርብ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዮ ያማሞቶ የተባለች ሴት ዳይሬክተር ታሪኩን ለፉጂኮ ሰጥታ 13 ክፍል ሠራች፤ የዚህን ተከታታይ ቴሌቪዥን ሥራ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ገላ በብዛት አለበት (ለአዋቂ ነው፤ ለወንድሜ አላሳየሁትም፣ እናቴም ይህን ታንብብልኝ)። ግን በየቦታው የጉጉት ጭንቅላት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ። ያ ዓይን የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ተከታታዩ መጨረሻ ላይም የምናዝንላትን ምክንያት ሁሉ ከእጃችን ይነጥቀናል፤ ያ የልጅነት ሥቃይ የሌላ ሰው ትዝታ ነበር። ፉጂኮ እንደዚያ የሆነችው ወዳና ፈቅዳ ነው። አልወደድኩትም ልል ነበር፤ ሁለተኛ ሳየው ግን ደራሲዎቹ ያሾፉት በእኔው በራሴ ላይ መሆኑ ገባኝ።

«ኢቫንጌሊየን»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምር የሚቀጥለው ክፍል ማስታወቂያ ላይ ሚሳቶ የምትባለዋ ሴት «ሰርቪስ» እንደሚኖር በደስታ ትነግረን ነበር። በ1997 በወጣው መጨረሻ ፊልም ላይ ሂዴያኪ አኖ በካርቱኑ መሐል እውነተኛ ሲኒማ ቤት፣ እውነተኛ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተመልካቾችን አሳየ። ያ ሁሉ ሰርቪስ ለማን እንደነበር ለራሱ ለባለቤቱ ማሳየቱ ነው።

አሁን ሐቁን ልናገር። ከላይ ያነሳኋቸው ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ብዙው ፌስታል ውስጥ የቀረ ቲማቲም ነው። ልጁ ተደናቅፎ ልጅቷ ላይ ይወድቃል፣ ትጮኻለች፣ በጥፊ ትመታዋለች፤ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ጦርነቱ መሐል ጓደኛዋ ሞቶ ካሜራው የእሷን ዳሌ ያሳያል። ጀግናዋ ከወንዶቹ ጋር እኩል ተዋግታ ስታበቃ ልብሷ ብቻ ይቀደዳል፣ የወንዱ ሱሪ በተአምር ይተርፋል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የወንድሜ እኩያ የሆነችን ልጅ እንደዚያ መሣል ለታሪኩ ጠቀመ አልጠቀመ ብዬ አልከራከርም። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ይታሰር መቀነት ውስጥ።

እኛስ ጋ ምን ይመስላል? የአማርኛ ፊልም የሚያይ ሰው ዘበኛውን ያውቀዋል። ታሪኩ የፍቅርም ይሁን የወንጀል በር ላይ የሚያስቅ ዘበኛ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢወጣ ምንም የሚጎድል ነገር የለም። ካርቱንና ኮሚክ ላይ ግን ጥሩ ምልክት አያለሁ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያወጣው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» የሚል የሦስት ጀግና ሴት ልጆች ካርቱን ሠርቷል። ልጆቹ ሲለወጡ የሚለብሱት ከሐበሻ ልብስ ጥለት፣ ከጥበቡ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተዋግተው የሚያስቆሙትም ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ነገር ነው። የልብስ ለውጡ የሴይለር ሙን ምርቃት ሆኖ ሳለ እኛ ጋ ሲመጣ የእናትን ቀሚስ አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ2018 በብስራት ደበበ የተጀመረው «ጀምበር» የኮሚክ መጽሐፍም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ጀግናው ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ምርቃት ማለት ይሄ ነው እንግዲህ! ይህን ገጽ ያነበበ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ ሁሉ «እኔን ነው» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁም ጀግናው ኃይል ሲያገኝ ለምን ደስ እንደሚለን ይነግረናል።

እናቴ ጋ ልጨርስ። በመስከረም ከመመለሴ በፊት ቡና ላይ ቁጭ ብለን የፌይን ታሪክ በአፌ ነገርኳት። ቁማሩን፣ ዕዳውን፣ እንቅልፉን፣ ካሴቱን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ ልብሱ የተናገርኩት ብዙም የገባት አልመሰለኝም፤ ወይም ገብቷት አላመነችኝም። ካሴቱ ላይ ስደርስ ግን አስቆመችኝ።

«ማጫወቻ አጥተው ነው?»

«አዎ።»

ተነስታ ከአልጋው ስር ሳጥኑን ሳበች። ከጋቢ ስር የሠርጓን ቪኤችኤስ ካሴት አወጣች። እኔና ወንድሜ እንዳለ እናውቃለን፣ አይተነው ግን አናውቅም፤ ማጫወቻው የተበላሸው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። እናቴ ካሴቱን በቀሚሷ ጠረገችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መቀነቷን ፈታ ፍላሿን ሰጠችኝ። «ያቺን ካሴቱ ያለባትን ብቻ ክፈቺው፤ ሌላውን አልወድም» አለች። ከፈትኩት። ልጅቷ ካሴቱ ላይ መዝለል ስትጀምር እናቴ ሲኒ ይዛ ቆማ ቀረች። ስለ ቢጫው ቁምጣ ምንም አላለችም። (በነጋታው ግን ተናግራለች።)

አዳማ ከመጣሁ ወዲህ ካሴቱን ወደ ፍላሽ የሚያስገለብጥ ፍለጋ ሁለት ፎቶ ቤት ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱም ማጫወቻው የለንም አሉኝ። ከአንባብያን መካከል የሚሠራ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ያለው፣ ወይም ያለው ሰው የሚያውቅ ካለ በትምህርት ክፍላችን ቢሮ በኩል መልእክት ይተውልኝ። ቤታ ከሆነ አይሆንም፤ ቪኤችኤስ።